የእንዳላማው ስድስተኛ ቤት

በስድስተኛ ቤት ከሚገናኘው ዘመዱ ጋር የተጋባ ሰው ልጁ ስንት ጣት ይዞ ይወለዳል?

እማማ ሥራነሽ ይህን ጥያቄ ተሸክመው መዞር ከጀመሩ ቀናት አልፈዋል። ሰባት ቤት ሳይሞላ የተጋቡ ሰዎች ልጃቸው ጣቱ ይቆረጣል ሲባል ሰምተው ነው ያደጉት። ዝርዝሩን ግን የነገራቸው የለም። የጎደለው አንድ ቤት ብቻ ከሆነ የሚጎድለውም ጣት አንድ ብቻ ይሆን? ከሆነስ የትኛው? ትንሿ ጣት ከሆነች ግድ የለም፤ ሰው ያለሷም ይኖራል። አውራ ጣት ከሆነ ግን ልጁ እንጀራውን በምን ሊቆርስ ነው? ቀበሌ ቢጠሩትስ በምን ሊፈርም? ሰው እንዳይጠይቁ ደግሞ ደብረ ማርቆስ ጠያቂን ዝም ብላ የምታሳልፍ ከተማ አይደለችም። «ለማን ነው?» ትላለች። ከዚያ ወዲያ ያለቀ ነው፤ ማታውኑ መንደሩ ሁሉ ለቅሶ ሊደርስ ይመጣል።

ነገሩን ይዘው የመጡት ሽማግሌዎች ናቸው። ባለፈው እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው አርሴማን ሊለምኑ መጡ። አርሴማ የልጅ ልጃቸው ናት፤ እናቷ በወለደቻት በዓመቱ ስላረፈች ያጠቧት በጡጦ፣ ያሳደጓት በስጋት ነው። ሽማግሌ የላከው ልጅ ደመላሽ ይባላል። ሉማሜ ፊዚክስ ያስተምራል፤ ዘሩ ደብረ ኤልያስ ነው። እማማ ሥራነሽ ሽማግሌ ከመምጣቱ በፊት አስጠንተውት ጨርሰዋል። አይጠጣም። አይማታም። ጥርሱ ሁሉ የራሱ ነው። ቤት ሲገባም መሬት መሬት ያያል፤ መሬት የሚያይ ወንድ ደግሞ ቢያንስ እንቅፋት አይመታውም ብለው ወደውታል።

ታዲያ የሽማግሌዎቹ አለቃ አቶ ዘማርያም፣ ደንቡ ነውና፣ የልጁን አባቶች አንድ በአንድ እየጠሩ ወደ ኋላ ሄዱ። ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ «እንዳላማው» አሉ።

እማማ ሥራነሽ ሊጎነጩት ያነሡት ጠላ አየር ላይ ቀረ።

እንዳላማው የእሳቸውም ነዋ! አርሴማ፣ እናቷ፣ እሳቸው፣ አባታቸው፣ አያታቸው አበረ፣ ከዚያ ትልቁ ባለርስት እንዳላማው። ስድስት። ታላቅ ወንድማቸው ገዳሙ ይህን ቆጠራ በየሰርጉና በየተዝካሩ ሲያንበለብለው ዕድሜውን ጨርሷል፤ ያልሰማው ቢኖር መስማት የተሳነው ብቻ ነው። «የኛን ወገን የሚቆጥረው ወንድሜ ነው። እሱ ይምጣና ለፊታችን እሑድ ይሁንልን» ብለው ሽማግሌዎቹን ሸኙ፤ በሩን ዘጉ፤ አለቀሱ።

አርሴማ አላለቀሰችም።

«እምዬ፣ ስድስት ቤት እኮ ዝምድና አይደለም፤ መንደርተኝነት ነው» አለች።

«አፍሽን ያዢ! ጣት ነው የሚቆረጠው!»

«የማን ጣት?»

«የልጅሽ ነዋ!»

«እንግዲያው ተወልዶ ይክሰሰኝ። ስሚኝ እምዬ፣ እኔ ከደመላሽ ሌላ አላገባም። አባባ ገዳሙ መጥተው ‹ዘመድ ናችሁ› ካሉ እኔም ቆሜ እቀራለሁ፣ አንቺም የምትሰጊለት ልጅ አታገኚም።»

ይህን ብላ የትምህርት ሞጁሏን ከፍታ አቀረቀረች። እማማ ሥራነሽ ልጅቷን ያውቋታል። ስትጮህ ውሸቷን ነው፤ ቀስ ብላ ከተናገረች ግን ያለችውን ታደርገዋለች። ያን ዕለት የተናገረችው ቀስ ብላ ነበር።

አርሴማ ሳምንቱን በአንድ የግል ክሊኒክ ካርድ ስታወጣ ትውላለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ያን ሰሞን የያዘችው ትምህርት ሎጂክ የሚሉት ነበር፤ ፈተናውም ደርሷል። እማማ ሥራነሽ አራተኛ ክፍል ደርሰው የተዉ ሰው ናቸው፤ የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀትም አላቸው። ስለዚህ መጽሐፍ አይፈሩም። የሚፈሩት መጽሐፉ ልጅቷን ምን እንደሚያደርጋት ነው። በማግስቱ ጠዋት ምስራቸውን ይዘው አጠገቧ ተቀመጡና «ጮክ ብለሽ አንብቢው፤ ምን እያጎረሰሽ እንደሆነ እኔም ልስማ» አሏት።

«‹ዓሣ ነባሪ ሁሉ አጥቢ እንስሳ ነው› ይላል። ይኼ መነሻ ይባላል።»

«ዓሣ ጡት አለው እንዴ?»

«ዓሣ የሚባለው ስሙ ነው እንጂ ዓሣስ አይደለም። ባሕር ውስጥ ይኖራል፤ ልጁን ግን ወተት ነው የሚያጠባው።»

እማማ ሥራነሽ ምስሩን አስቀመጡት። «እና ዓሣ ነው ብሎ በጾም የበላው ሰው ምን ሊሆን ነው?»

«እዚህ ማን ይበላዋል እምዬ?»

«ባሕር ዳር አይጠፋም። ምስኪን፣ ጾምኩ ብሎ ሁዳዴን ሙሉ ሲገድፍ ኖሮ…»

«ጣና ላይ ዓሣ ነባሪ የለም!»

«ከሌለ መጽሐፉ ስለሌለ ነገር ምን አስጨነቀው?»

አርሴማ እስክሪብቶዋን ጥርሷ ውስጥ ከታ አሰበች። «ሎጂክ እኮ መነሻው እውነት ይሁን ውሸት ብዙ አይጨንቀውም። ‹ይኼ እውነት ነው ካላችሁኝ፣ ከዚህ የሚከተለው ይኼ ነው› ብቻ ነው የሚለው። ያላመንሽበትን መነሻ አልቀበልም ማለት ትችያለሽ። ከተቀበልሽ ግን የሚከተለውን አልፈልግም ማለት አትችይም።»

«እንደ ዳኛ ነው በይኛ።»

«እንደ ዳኛ ነው።»

«ጉቦ ይቀበላል?»

«አይቀበልም።»

«እንግዲያው እንደ ዳኛ አይደለም» አሉና ምስራቸውን አነሡ።

ምስሩ ቢያልቅም ማግስቱን ደገሙት፤ ሌላ ምስር ገዝተው። አርሴማ አነበበች፦ «‹ዝናብ ከዘነበ ግቢው ይረጥባል። ግቢው ረጥቧል። ስለዚህ ዝናብ ዘንቧል።› ትክክል ነው አይደለም? ተጠንቀቂ፣ እኔ ሁለት ጊዜ ተሳስቼበታለሁ።»

እማማ ሥራነሽ በተከፈተው በር ወደ ግቢው አዩ። «ዘመናይ የልብስ እጣቢዋን ደፍታው እንደሆነስ?»

አርሴማ አፏን ከፍታ ቀረች።

«ምነው? እኔ በር ላይ እኮ ነው ሁልጊዜ የምትደፋው፤ ይቺ ጎረቤት ተብዬ።»

«እምዬ፣ ይህን ከክፍላችን ልጆች አንድም የመለሰው የለም!»

«ክፍላችሁ ውስጥ ዘመናይ የለቻ።»

ከዚያ በኋላ ነገሩ ራሳቸው ላይ ወጣ። ገበያ ሄደው «ከአማኑኤል የመጣ ድንች ሁሉ ጣፋጭ ነው» ያለቻቸውን ሴት «ሁሉ ወይስ አንዳንዱ?» ብለው አፋጠጡ፤ ሴትዮዋ ድንቿን ሰብስባ ሄደች። ክፉው የመጣው ግን የነፍስ አባታቸው አባ ኃይለ ሚካኤል ለጉብኝት የመጡ ዕለት ነው። እማማ ሥራነሽ ጠላውን ቀዱላቸውና ጥያቄያቸውን ዘወር አድርገው አቀረቡ።

«አባ፣ አንዲት የማላውቃት ሴት ጠይቂልኝ ብላኝ ነው። በስድስተኛ ቤት የተጋባ ሰው ልጁ ምን ይሆናል?»

«የማታውቂያት ሴት እንዴት አድርጋ ላከችሽ?»

«መንገድ ላይ ነው።»

አባ ኃይለ ሚካኤል ራሳቸውን ነቀነቁ። «በያት፣ ወዮላት። ያ ከወንዙ ማዶ ያለው ልጅ የለም? ሁለት ጣቱ ቆራጣ የሆነው? እንግዲያ ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጋለች! ወላጆቹ ዘመዳሞች ቢሆኑ ነው እንጂ ጣት ከመሬት ተነሥቶ አይቆረጥም።»

«ግቢው ስለረጠበ ዘንቧል አይባልም አባ።» አምልጧቸው ነው።

«ምን አልሽ?»

«ዘመናይም እጣቢ ትደፋለች።»

አባ ኃይለ ሚካኤል ጠላውን አሸተቱት። አሁንም አሸተቱት። ከዚያ መስቀላቸውን አውጥተው «ሥራነሽ፣ እንቅልፍ ይወስድሻል?» አሉ።

«ልጁን ወፍጮ ቤት ቆርጦት እንደሆነስ ብዬ ነው አባቴ፤ ይፍቱኝ።»

«እርግጥ… ወፍጮ ቤት ነው የሚሉም አሉ» አሉ አባ ኃይለ ሚካኤል ቅር እያላቸው፤ ጠላቸውንም ጨለጡት።

እማማ ሥራነሽ የነፍስ አባታቸውን መገሠጻቸው ቀኑን ሙሉ ሲያብሰለስላቸው ዋለ። ማታ «ሎጂክ ኃጢአት ነው እንዴ?» ብለው ቢጠይቁ አርሴማ «ሞጁሉ ላይ የለም» አለቻቸው።

ዓርብ ዕለት የመጨረሻው ትምህርት ደረሰ። እሑድ ሲቀርብ አርሴማ ምግብ ትታ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ አነበበች። «‹ወይ ይኼኛው ነው፣ ወይ ያኛው ነው። ይኼኛው ከሆነ ይህ ነገር ይከተላል። ያኛውም ከሆነ ይኸው ነገር ይከተላል። ስለዚህ በየትኛውም መንገድ ያው ነው።›»

«ከዓሣ ውጭ ምሳሌ ስጪኝ።»

«ፈተናውን ወይ አልፋለሁ፣ ወይ እወድቃለሁ። ባልፍ ታለቅሻለሽ። ብወድቅም ታለቅሻለሽ። ስለዚህ አንቺ ማልቀስሽ አይቀርም።»

እማማ ሥራነሽ ሳቁ። ስቀው ሳይጨርሱ ግን ቀጥ አሉ። ምስር የያዘ እጃቸው ሰፌዱ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

«እምዬ? አመመሽ?»

«ዝም በይ። ሁለት ነገር ጎን ለጎን እያስቀመጥኩ ነው።»

ሁለቱንም ነገር ድሮውንም ያውቋቸዋል። አንደኛው የርስት ክርክሩ ነው። በንጉሡ ጊዜ ወንድማቸው ገዳሙ ጎበዝ ሳለ «አያቴ አበረ የእንዳላማው ልጅ ነው፤ ከርስቱ ይድረሰኝ» ብሎ ከደመላሽ ሰዎች ጋር ተካሰሰ። እነዚያ ደግሞ «አበረ የማንም ልጅ አይደለም፤ አኮፋዳውን አንጠልጥሎ ቁራሽ ሊለምን የመጣ የቆሎ ተማሪ ነው፤ የቤቱን ሽሮ ወደደና ሳይሄድ ቀረ» ብለው ተከራከሩ። ገዳሙ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሞ ማለ። መሬቱን አገኘ።

ሁለተኛው ሰርጉ ነው። ከፍርዱ በኋላ ነገሩ ወደ ጠመንጃ ሊሄድ ሲል የአገር ሽማግሌ ገባና አስታረቀ፤ ለዕርቁ ማሠሪያም ከእንዳላማው ወገን ወለተ ሰንበት የምትባል ቆንጆ ለገዳሙ ተዳረችለት። ቀሳውስቱ ባረኩ፤ ቤቱ ጨፈረ፤ ዘር የቆጠረ ግን አንድም ሰው አልነበረም። ወለተ ሰንበት ዘጠኝ ልጅ ወልዳ፣ በክብር አርፋለች። መሬቱንም ደርግ መጥቶ ወስዶታል።

እማማ ሥራነሽ የመጀመሪያውን ታሪክ ስለ ክርክር ሲወራ ይናገሩታል፤ ሁለተኛውን ስለ ሰርግ ሲወራ። በዚህ ሁሉ ዘመን ሁለቱን አንድ ወንበር ላይ አስቀምጠዋቸው አያውቁም። እሳቸው ብቻም አይደሉ፤ ደብረ ኤልያስ በሞላ አስቀምጦ አያውቅም፤ ወይም አስቀምጦ ለዕርቁ ሲል ዝም ብሏል።

እሑድ ጠዋት አያ ገዳሙ ከመጀመሪያው መኪና ወረዱ። ሰማንያን ተሻግረዋል፤ እግራቸው ቢደክምም ድምፃቸው አልደከመም፤ ከከዘራቸው ቀድሞ ቤት ገባ።

«የት አለች ያቺ ከዘመዷ ልትጋባ የተነሣችው?»

«እንደምን አደርክ አያ?»

«አላደርኩም! ይህን ሰምቶ ማን ያድራል? ዛሬ ያን ዘማርያም የሚሉትን በእንዳላማው ስም አሳፍሬ ነው የምሰደው!»

እማማ ሥራነሽ ወደ ጓዳ አስገቧቸው፤ አስቀመጧቸው፤ ጠላ ቀዱላቸው። አርሴማ ከመጋረጃው ወዲያ ቆማለች።

«የግፊት መድኃኒትህን ውጠሃል?»

«ውጫለሁ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ውጫለሁ አልኩሽ!»

«እንግዲያው አንድ ነገር ልጠይቅህ። አያታችን አበረ የእንዳላማው ልጅ ነው ወይስ አይደለም?»

አያ ገዳሙ ጢማቸው ተነሣ። «ምን ነካሽ? ምዬበታለሁ እኮ!»

«ምለሃል። ነው እንበል እንግዲህ። ወለተ ሰንበትስ ለእንዳላማው ምኑ ነበረች?»

«ነፍሷን ይማር። እሷን ምን አመጣት እዚህ?»

«የልጅ ልጅ ልጁ ነበረች። አንተም እንደ ቆጠራህ የልጅ ልጅ ልጁ ነህ። ለአርሴማ ስድስተኛ ቤት የሆነው ላንተ አራተኛ ነበር አያ። አራተኛ!»

አያ ገዳሙ ከዘራቸውን ከቀኝ ወደ ግራ አዛወሩ። «ያ… ያ ዕርቅ ነው። ደም እንዳይፈስ ነው። አገር ያደረገው ነው!»

«ዕርቅ ሥጋ ይቀይራል?»

«ሽማግሌዎቹ ያውቁ ነበራ!»

«ምን ያውቁ ነበር?»

አያ ገዳሙ ጠላውን አንሥተው ሳይቀምሱ መልሰው አስቀመጡት። እማማ ሥራነሽ ፈሩ። ፈርተው ዝም ሊሉ ነበር፤ ከመጋረጃው ሥር የአርሴማን እግር ሲያዩ ግን ቀጠሉ።

«ዘጠኝ ልጅ ወለደችልህ። ሁሉንም ጣታቸውን ቆጥሬዋለሁ።»

«መቼ?»

«እያንዳንዳቸው የተወለዱ ዕለት። እኔ ሕፃን ታቅፌ ጣት ሳልቆጥር አድራለሁ እንዴ? ዘጠና ጣት ነው፤ አንድም አልጎደለም። ስለዚህ ስማኝ አያ። ወይ አበረ የእንዳላማው ልጅ ነው፤ እንዲያ ከሆነ አንተ በአራተኛ ቤት አግብተህ ጣት ካልጎደለ፣ በስድስተኛ ቤት የሚያገቡትን በምን አፍህ ትከለክላለህ? ወይ ደግሞ አይደለም፤ እንዲያ ከሆነ ልጅቷና ልጁ ባዳ ናቸው። በየትኛውም መንገድ ይጋባሉ።»

«ጠበቃ ቀጥረሻል?»

«ምስር ስለቅም ነው የመጣልኝ።»

«በሐሰት ማለ ልትይኝ ነው! ገዳሙን!»

«እሱን እኔ አላልኩም። ‹ወይ› ነው ያልኩት። ምረጥ።»

«አያትሽን አኮፋዳ ያንጠለጠለ ለማኝ ስታደርጊው አታፍሪም?»

«የቆሎ ተማሪ መሆን ምን ነውር አለው? ሽሮ የወደደ ሰው ነው እንግዲህ።»

ከመጋረጃው ወዲያ የታፈነ ሳቅ ተሰማ። አያ ገዳሙ ወደዚያ ዞረው ሊቆጡ አሉና ተዉት። ድንገት ያረጁ መሰሉ። እማማ ሥራነሽ አዘኑላቸው፤ ይህ ሰው ወንዝ ሲሞላ አዝሎ ትምህርት ቤት ያደረሳቸው ወንድማቸው ነው። የወረደ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ መለሱላቸው።

«እዚህ ያወራነው እዚሁ ይቀራል አያ። ሰው ፊት አንዲት ቃል አይወጣኝም፤ በሞቱት እናታችን። ቆጠራው ግን የራስህ ነው፤ እንደፈለግህ ቁጠረው።»

ወዲያው ውሻው ጮኸ። ሽማግሌዎቹ መጡ።

አቶ ዘማርያም ባልደረቦቻቸውን አስከትለው ገቡና እንደ ደንቡ ሳይቀመጡ ቆሙ። እማማ ሥራነሽ ቢለምኑ፣ አግዳሚ ቢጠረግ አልተቀመጡም። አያ ገዳሙም ከጓዳ ወጥተው ፊት ለፊታቸው ቆሙ።

«በቀጠሮአችን መጥተናል» አሉ አቶ ዘማርያም ጉሮሯቸውን ጠርገው። «የኛን ባለፈው ቆጥረናል፤ ሰምታችኋል። ቆጣሪያችሁ እነሆ አሉ። እስቲ አቶ ገዳሙ፣ የናንተን ይቁጠሩልን። ልጆቹ የሚገናኙበት አባት ካለ ስሙን ይጥሩት፤ እኛም እግዜር ይስጥልን ብለን እንሄዳለን። ካልጠሩት ግን የለም ብለን እንቀመጣለን፤ ወደ ሰርጉ ቀን እንገባለን።»

አያ ገዳሙ ደረታቸውን ነፉ። ከዘራቸውን አነሡና ወለሉን መቱ።

«አርሴማ!»

መቱ። «እናቷ!»

መቱ። «ሥራነሽ!»

አርሴማ መጋረጃውን በእጇ ጨብጣ ወጣች። እማማ ሥራነሽ የሚያውቁትን ጸሎት ሁሉ በአንድ ጊዜ ጀመሩት፤ አባታችን ሆይንና ሰላም ለኪን ቀላቀሉት። ሎጂኩ ሁሉ ከራሳቸው ጠፋ። በየትኛውም መንገድ ያው ነው ማለት መጽሐፍ ላይ ይቻላል፤ ይህ ሰው ግን የሚሰማው መጽሐፉን ሳይሆን ራሱን ነው።

መቱ። «አባታችን!»

መቱ። «አበረ!»

ከዘራው እንደገና ወደ ላይ ወጣ። ወጥቶ እዚያው ቆመ። አያ ገዳሙ ሽማግሌዎቹን አዩ፤ ከዚያ እህታቸውን አዩ። እማማ ሥራነሽ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ቃላቸው ነው፤ አንዲት ነገር አልወጣቸውም። የዘመናይ ዶሮ ገብታ በሽማግሌዎቹ እግር መካከል ፍርፋሪ ስትፈልግ ያያት የለም።

ከዘራው ቀስ ብሎ ወረደ። ወለሉን ሲነካ ድምፅ አልነበረውም።

አቶ ዘማርያም ትንሽ ጠበቁ። ደግመው ትንሽ ጠበቁ። ከዚያ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፤ ሁለቱም ባልደረቦቻቸው ተከትለው ተቀመጡ። አርሴማ መጋረጃውን ለቀቀችው።

«አያ፣ ምሳ እኮ ደርሷል» አሉ እማማ ሥራነሽ። «ፀሐዩም ከሯል፤ መኪናውም እስከ ከሰዓት አይነሣም…»

አያ ገዳሙ ባርኔጣቸውን ከምስማሩ አወረዱ፤ አቧራውን በክርናቸው ጠረጉ፤ ራሳቸው ላይ ደፉ። በተቀመጡት ሽማግሌዎች ፊት ቀጥ ብለው አለፉና ከቤት ወጡ።